ብራውዘር ፍሬም አይቆጥርም
ቪዲዮን ለእንቅስቃሴ መለኪያነት ስለመጠቀም

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል የተመለከተ ሁሉ፣ ፈረሶቹ ሽምጥ ሲጋልቡ ኮቴያቸው መሬት የሚነካ እንደማይመስል ይመሰክራል። «የሚነካ አይመስልም» ማለት ግን «አይነካም» ማለት አይደለም። አራቱም እግሮች በአንድ ጊዜ ከመሬት የሚለቁበት ቅጽበት በእርግጥ አለን? አንድ ሙሉ የግልቢያ ዑደት ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ የሚወስድ በመሆኑ፣ ዓይናችን የእግሮቹን ቅደም ተከተል ለይቶ መልስ ሊሰጥ አይችልም።

ጥያቄው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ አከራክሯል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዤሪኮ እ.ኤ.አ. በ1821 የኤፕሰምን የፈረስ እሽቅድድም ሲሥል፣ ፈረሶቹን የፊት እግሮቻቸውን ወደፊት የኋላ እግሮቻቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው በአየር ላይ እንደሚንሳፈፉ አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1878 ኢድዊርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ 12 ካሜራዎችን በአንድ መስመር ደርድሮ፣ ጋላቢ ፈረስ በፊታቸው ስታልፍ በየተራ እንዲያነሷት በማድረግ ክርክሩን ዘጋው። ኮቴዎቹ በእርግጥ ሁሉም ከመሬት ይለቃሉ፤ የሚለቁት ግን ሠዓሊው እንዳሰበው እግሮቹ በተዘረጉበት ጊዜ ሳይሆን ከሆድ ሥር በተሰበሰቡበት ቅጽበት ነው።

የማይብሪጅ 12 ካሜራዎች የሠሩትን ሥራ ዛሬ አንድ የእጅ ስልክ ይሠራዋል። የተቀረጸውን ቪዲዮ እያቆሙ ለመመርመርም በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ የሚገኘው ብራውዘር፣ ማለትም የድረ ገጽ ማሰሻ፣ ይበቃል። የቪዲዮው ፋይል በኮምፒዩተሩ ላይ ካለ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም። ይህ በተለይ የብርሃን ሰዓት መቁጠሪያና መሰል መሣሪያዎች ለሌሏቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ብራውዘር የተሠራው ለመመልከት እንጂ ለመለካት አይደለም፤ ይህን ያልተረዳ ተማሪ በጥንቃቄ ሠርቶ እጅግ የተሳሳተ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የስሕተቱን ምንጭና መድኃኒቱን እናያለን። ምሳሌያችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በደብረ ማርቆስ፣ በኖራ በተቀባ ግድግዳ ፊት የሚወድቅ ብርቱካን ነው።

ፍሬም እና ዕድሜው

ተንቀሳቃሽ ምስል የሚለው ስያሜ ራሱ ጥቂት ያታልላል፤ በውስጡ የሚንቀሳቀስ ምንም የለምና። ቪዲዮ ማለት በፍጥነት የሚከታተሉ የቆሙ ምስሎች ስብስብ ሲሆን እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። በአገራችን ቴሌቪዥን ሥራ ላይ የዋለው የፓል ሥርዓት በሰከንድ 25 ፍሬም ያሳያል። ቁጥሩ የተመረጠው የኤሌክትሪክ ኃይላችን በሰከንድ 50 ዑደት ያለው በመሆኑ ነው። ኤሌክትሪካቸው 60 ዑደት ያለው አሜሪካውያን 30 ፍሬም ይጠቀሙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የቀለም ቴሌቪዥን ደንባቸውን ሲያጸድቁ ግን ቀለሙና ድምፁ እንዳይረባበሹ ሲሉ ወደ 29.97 ዝቅ አደረጉት። የዛሬ የእጅ ስልኮች በአብዛኛው «30» የሚል ምርጫ አላቸው። በዚህ ልክ ከተቀረጸ የአንድ ፍሬም ዕድሜ የሰከንድ 30ኛ፣ ማለትም 0.033 ሰከንድ ገደማ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያውስ ፍሬሞቹን ቆጥሮ በ30 ማካፈል ነው» ሊል ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ብራውዘሩ የሚያውቀው ሰዓትን ነው

በብራውዘር ውስጥ ቪዲዮ የሚያጫውተው ክፍል «ስንተኛው ፍሬም ላይ ነህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። የሚያውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከቪዲዮው መጀመሪያ አንሥቶ ያለፈው ጊዜ በሰከንድ ሲሆን በጃቫስክሪፕት ቋንቋ «ከረንት ታይም» ይባላል። እኛ «2.5 ሰከንድ ላይ ሂድ» ስንለው በዚያ ሰዓት በመታየት ላይ ሊሆን የሚገባውን ፍሬም ፈልጎ ያቀርባል። «የሚቀጥለውን ፍሬም አምጣ» የሚል የተለመደ ትእዛዝ ግን በአብዛኞቹ ብራውዘሮች የለም። በዩቲዩብ ላይ ቪዲዮውን አቁመን በእንግሊዝኛው የቁልፍ ሰሌዳ የነጥብን ቁልፍ ስንጫን ምስሉ ወደፊት፣ የኮማን ቁልፍ ስንጫን ወደ ኋላ በአንድ ፍሬም ይራመዳል፤ ይህ ግን ድረ ገጹ ራሱ ያዘጋጀው አገልግሎት ነው።

ስለዚህ ብዙ ፕሮግራም ሠሪዎች የሚከተሉት ዘዴ ግምት ነው። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ሰዓቱ ላይ የሰከንድ 30ኛ ይጨምራሉ። ዘዴው ሁለት ቦታ ላይ ይሰናከላል።

የመጀመሪያው መሰናክል ቀላል ነው። ፍሬሞችን ከዜሮ ጀምረን ብንቆጥር 10ኛው ፍሬም የሚጀምረው 10 ለ30 ሲካፈል፣ ማለትም በ0.33333... ሰከንድ ላይ ነው። ቁጥሩ ማለቂያ የለውምና የግድ ይቆረጣል። 0.3333 ብለን ብንጽፍ ከድንበሩ በጥቂቱ ወደዚህ እንቀራለን፤ ብራውዘሩም 9ኛውን ፍሬም ያሳየናል። መፍትሔው ድንበሩን ትቶ የፍሬሙን መካከል ማነጣጠር ነው። 10.5 ለ30 ሲካፈል 0.35 ይሆናል፤ በ0.35 ላይ የሚገኘው ያለ ጥርጥር 10ኛው ፍሬም ነው።

ሁለተኛው መሰናክል የከፋ ነው፤ እንዲያውም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን እርሱ ነው። ስልኩ «30» ቢልም ሁልጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም አይቀርጽም። ብርሃን ሲያንሰው፣ ለምሳሌ በክረምት መብራት በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ አንዳንድ ስልኮች እያንዳንዱ ፍሬም በቂ ብርሃን እንዲሰበስብ ሲሉ ወደ 24 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳሉ፤ ይህንንም ለተጠቃሚው አይነግሩም። አሁን ተማሪው ቪዲዮውን በሰከንድ 30ኛ እያራመደው ነው እንበል። የሰከንድ 24ኛ ዕድሜ ያለው ፍሬም ከእርምጃው ይረዝማልና ከአምስት ጭነት በአንዱ ምስሉ ሳይለወጥ ይቀራል። ተማሪው «ኮምፒዩተሩ ደከመ» ብሎ ያቺን ጭነት ሳይቆጥር ደግሞ ይጫናል። በእርሱ ሒሳብ አራት ፍሬም አለፈ፤ በእውነቱ ግን ያለፈው የአምስት እርምጃ ጊዜ ነው።

የዚህ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በብርቱካኑ እንመልከት።

የሚወድቅ ብርቱካን

ለመለካት የምንፈልገው የስበት ፍጥንጥነትን፣ ማለትም የሚወድቅ አካል ፍጥነት በየሰከንዱ የሚጨምርበትን መጠን ነው። ይህ መጠን በምድር ላይ በሁሉም ስፍራ እኩል አይደለም። ምድር በራስዋ ዙሪያ ስለምትሽከረከርና በምድር ወገብ አካባቢ ጥቂት ስለምትሰፋ በወገቧ አቅራቢያ ያንሳል፤ ከፍታ በጨመረም ቁጥር ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ በሰሜን ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ገደማ ላይ የምትገኝ ደጋ ከተማ ስለሆነች በሁለቱም ምክንያት ዋጋው ዝቅ ይላል። ከኬክሮሷና ከከፍታዋ ተነሥተን ስናሰላው 9.78 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ እናገኛለን፤ በመጻሕፍት በመደበኛነት የተያዘው ዋጋ ግን 9.80665 ነው።

ብርቱካን የመረጥነው ከነጭ ግድግዳ ላይ ጎልቶ ስለሚታይና ለቁመቱ ከባድ ስለሆነ ነው። የደብረ ማርቆስ አየር ከባሕር ጠለል አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ በመሆኑም፣ በአጭር ውድቀት ላይ አየሩ የሚፈጥረው መዘግየት ከአንድ በመቶ አይበልጥም። የገበታ ቴኒስ ኳስ ቢሆን ግን ቀላል ስለሆነ ያሳስተናል።

ብዙ ተማሪዎች ብርቱካኑ የተለቀቀበትንና መሬት የነካበትን ፍሬም ፈልገው ጊዜውን ያሰላሉ። ይህን መንገድ አንመክርም። ከ1.5 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ አካል ከ0.55 ሰከንድ በኋላ መሬት ይደርሳል፤ ይህም ከ17 ፍሬም አይበልጥም። ጣት የትኛው ፍሬም ላይ እንደለቀቀ በእርግጥ ማወቅ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። በአንድ ፍሬም ብንሳሳት ጊዜው በ6 በመቶ ይዛባል፤ ስሌቱ ጊዜን በራሱ ስለሚያባዛ ውጤቱ በ12 በመቶ ገደማ ይሳሳታል።

የተሻለው መንገድ ጋሊሊዮ ካገኘው ሕግ ይነሣል። የሚወድቅ አካል በእኩል የጊዜ ክፍሎች የሚጓዘው ርቀት እንደ 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ ያድጋል። በየ3ኛው ፍሬም፣ ማለትም በየ0.1 ሰከንዱ፣ ብናይ በስሌት የምንጠብቀው ርቀት 4.9፣ ከዚያ 14.7፣ ከዚያ 24.5፣ ከዚያ 34.2፣ ከዚያ 44.0 ሴንቲ ሜትር ነው። የአንዱን ርቀት ከሚቀጥለው ብንቀንስ ሁልጊዜ 9.8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይቀራል። ይህን ልዩነት በ0.1 ካሬ ስናካፍለው የምንፈልገው ፍጥንጥነት ይወጣል። የዘዴው ውበት መነሻውን ማወቅ አለማስፈለጉ ነው፤ ብርቱካኑ መቼም ይለቀቅ መቼ፣ የርቀቶቹ ልዩነት አንድ ነው።

ነገር ግን 9.8 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ርቀት ነው። እያንዳንዱን ቦታ ስናነብ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ብንሳሳት ልዩነቱ ላይ የሚደርሰው ስሕተት ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልፋል። በየ6ኛው ፍሬም ብናነብ ግን የጊዜው ክፍል 0.2 ሰከንድ ይሆንና የሚጠበቀው ልዩነት ወደ 39 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ያው የንባብ ስሕተት አሁን ከ3 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ሦስት ፍሬሞችን ብቻ በሚገባ ማንበብ ሃያውን በችኮላ ከማንበብ ይሻላል።

15.3 ከየት መጣ?

አሁን ወደዚያ በጨለማ ክፍል ወደቀረጸው ተማሪ እንመለስ። ስልኩ በሰከንድ 24 ፍሬም ቀርጿል፤ ተማሪው ግን 30 ነው ብሎ አስልቷል። የያዘው ጊዜ ከእውነተኛው በ0.8 እጥፍ ያነሰ ነው። ጊዜው በካሬ ስለሚገባ ፍጥንጥነቱ 1.56 ጊዜ ይገዝፍና 15.3 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይወጣል። ሜትሩን በትክክል አንብቧል፤ ሒሳቡንም አልተሳሳተም። መምህሩ «እንደገና ሥራ» ቢለው ያንኑ ቪዲዮ ይዞ ያንኑ 15.3 ያገኛል። ቁጥሩ ደጋግሞ አንድ መሆኑም ውጤቱን የታመነ ያስመስለዋል።

ተቃራኒውም አለ። በስልክ «ዝግተኛ እንቅስቃሴ» በሰከንድ 240 ፍሬም ቀርጸን ፋይሉ በሰከንድ 30 እንዲታይ ሆኖ ቢቀመጥ፣ የቪዲዮው ሰዓት ከእውነተኛው ሰዓት 8 ጊዜ ይዘገያል። ይህን ሳያስተውል የሚያሰላ ሰው ፍጥንጥነቱን 0.15 ያገኛል፤ ይህ ከጨረቃ ስበት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም!

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ፕሮግራም መጻፍ የሚችሉ ተማሪዎች «ሪኩዌስት ቪዲዮ ፍሬም ኮልባክ» የተባለውን የጃቫስክሪፕት አገልግሎት ይጠቀሙ። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2020፣ ሳፋሪ ከ2022፣ ፋየርፎክስም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ። አገልግሎቱ አዲስ ፍሬም በታየ ቁጥር በፋይሉ ውስጥ ለዚያ ፍሬም የተመዘገበለትን ሰዓት ያስታውቃል። ቪዲዮውን በሰከንድ መቶኛ እያራመድን፣ አዲስ ፍሬም በመጣ ቁጥር የራሱን ሰዓት ብንመዘግብ፣ ፍሬሞቹ እኩል ዕድሜ ኖራቸውም አልኖራቸው አንሳሳትም። ዝግጁ ነገር ለሚመርጡ ደግሞ አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ዳግላስ ብራውን የሠራው ትራከር የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በብራውዘር ውስጥ የሚሠራ ዓይነትም ወጥቶለታል።

ሁለተኛው መድኃኒት ኮምፒዩተሩን ጨርሶ አለማመን ነው። በሌላ ስልክ ላይ የሰከንድ መቶኛ የሚያሳይ የሩጫ ሰዓት ከፍተን እዚያው ግድግዳው ሥር፣ በቪዲዮው ውስጥ እንዲታይ እናስቀምጠው። ከብርቱካኑ በፊት ሰዓቱን ብቻ ለ10 ሰከንድ ቀርጸን ፍሬሞቹን እንቁጠር። 300 ከሆኑ ደህና ነው፤ 240 ከሆኑ ስልኩ ምን እንዳደረገ አወቅን ማለት ነው። የስልኩ መስታወት ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ስለሚታደስ የአንዲት ንባብ ትክክለኛነት ከሰከንድ 60ኛ አያልፍም፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ ግን ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ሁለተኛውን መድኃኒት እኛ ከመጀመሪያው አብልጠን እንወደዋለን። ዝግተኛውን እንቅስቃሴም ሆነ የተለወጠውን ፋይል የሚያጋልጠው እርሱ ነውና።

ፋይል ይለወጣል ስንል በከንቱ አይደለም። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ የተላከ ቀረጻ በመንገድ ላይ እንደገና ስለሚጨመቅ የምስሉ ጥራት ይቀንሳል፤ ፍሬሞቹም ሊነኩ ይችላሉ። በገመድ ማስተላለፍ ወይም «እንደ ፋይል» መላክ ይገባል።

ወደ ኋላ መሄድ ለምን ይዘገያል?

ቪዲዮን በፍሬም ያራመደ ሁሉ ወደፊት መሄድ ፈጣን፣ ወደ ኋላ መመለስ ግን አዝጋሚ መሆኑን ያስተውላል። ምክንያቱ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል አብዛኞቹ ፍሬሞች ሙሉ ሆነው አለመቀመጣቸው ነው። ሙሉ ምስል ሆኖ የሚቀመጠው አልፎ አልፎ፣ በስልክ ቀረጻ ብዙውን ጊዜ በየሰከንዱ አካባቢ፣ የሚገኘው ቁልፍ ፍሬም ብቻ ነው። ሌሎቹ «ከጎረቤቴ የምለየው በዚህ በዚህ ነው» የሚል መግለጫ ብቻ ይይዛሉ። ስለዚህ ከ29ኛው ወደ 28ኛው ፍሬም ለመመለስ ብራውዘሩ ወደ ቁልፉ ፍሬም ሄዶ ከዚያ 28ቱንም በተራ መፍታት ሊኖርበት ይችላል። አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ምስሉ እስኪቀየር ታግሦ መጠበቅ ነው፤ ሳይቀየር ቁልፉን ደጋግሞ መምታት ከላይ ወዳልነው የቆጠራ ስሕተት ይመልሰናል።

ስለ ቀረጻው ጥቂት ነጥቦች

ሜትሩ ብርቱካኑ በሚወድቅበት ቦታ ልክ እንጂ ከኋላው ግድግዳ ላይ መለጠፍ የለበትም። ካሜራው ከብርቱካኑ 3 ሜትር ርቆ፣ ሜትሩ ከብርቱካኑ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሆን ሜትሩ በ10 በመቶ ግድም አንሶ ይታያል፤ ውጤቱም 10.8 ገደማ ይሆናል። ቀረጻው ከቤት ውጪ በፀሐይ ይሁን። ብርሃን ሲበዛ ስልኩ ለእያንዳንዱ ፍሬም ዓይኑን የሚከፍተው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ምስሉ አይዳመጥም። በሰከንድ 4 ሜትር የሚጓዝ ብርቱካን የሰከንድ 60ኛ በፈጀ ፍሬም ላይ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይሳባል፤ የሰከንድ 1,000ኛ በፈጀው ላይ ግን 4 ሚሊ ሜትር ብቻ። ተስቦም ቢሆን ሁልጊዜ የታችኛውን ጠርዝ ካነበብን አንጎዳም፤ የታችኛው ጠርዝ የሚያሳየው ፍሬሙ የተዘጋበትን ቅጽበት ነው፤ ይህም መነሻውን ሰዓት ከማዛወር በቀር ልዩነቶቹን አይነካም።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር እንጨምር። የስልክ ካሜራ ፍሬሙን በአንድ ቅጽበት አያነሣውም፤ ረድፍ በረድፍ ያነበዋል። ስልኩ በአግድም ሲያዝ ንባቡ በአብዛኛው ከላይ ወደ ታች ስለሚሄድ፣ ብርቱካኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ትንሽ ዘግይቶ ይነሣል። ስልኩን በቁም ብንይዘው ረድፎቹ ከውድቀቱ ጋር ትይዩ ስለሚሆኑ ይህ መዛባት ይወገዳል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም 9.78ን ከ9.81 መለየት አይቻልም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 0.3 በመቶ ሲሆን የእኛ ስሕተት ግን ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። ከ9.5 እስከ 10.1 ያገኘ ተማሪ በሚገባ ሠርቷል፤ በልኩ 9.78 ያገኘ ደግሞ ዕድለኛ ነው፤ ወይም መልሱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

የፍሬም ውሱንነት በሌላም ስፍራ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ሩጫ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ገብተዋል። የ0.09 ሰከንድ ልዩነት በፓል ቴሌቪዥን ከሁለት ፍሬም እምብዛም አያልፍም። የታላላቅ ውድድሮች ዳኞች ውጤት የሚወስኑት በተራ ቪዲዮ ሳይሆን የመጨረሻዋን መስመር ብቻ በቀጭን ስንጥቅ እያየ በሰከንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ በሚመዘግብ ካሜራ መሆኑ በዚህ ምክንያት ነው።

ለአንባብያን የቀረበ ጥያቄ

በቡሄ ሰሞን የጎጃም ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። የጅራፍ ጩኸት የሚፈጠረው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲምዘገዘግ ነው። ድምፅ በአንድ ፍሬም ዕድሜ 11 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ጫፉን በተራ ስልክ ለማየት መሞከር ከንቱ ነው፤ ሌላ ነገር ግን መለካት ይቻላል። ጅራፍ የሚያጮኸውን ልጅ በትክክል በተለካ 170 ሜትር ርቀት ላይ ሆነን እንቅረጸው። በነሐሴ የደብረ ማርቆስ አየር 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። (ሀ) ጅራፉ ሲመታ ከታየበት ፍሬም በኋላ ድምፁ በስንተኛው ፍሬም ላይ ይሰማል? (ለ) ስልኩ በሰከንድ 24 ፍሬም ቀርጾ ሳለ ተማሪው 30 ነው ብሎ ቢያሰላ የድምፅን ፍጥነት ስንት ያገኛል? (ሐ) ቪዲዮው ሲቆም ድምፅ አይሰማምና፣ ድምፁ የደረሰበትን ሰዓት ከቪዲዮው ፋይል በምን ዘዴ ታገኙታላችሁ?